የሕዝብ የውሃ ማጠንፈፊያ ቦይ የጥገና መዋጮ፦ በሚኒሶታ ድርሻዎን ለማወቅ፣ ለማስላትና ለመከራከር የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ከሚኒያፖሊስና ከሴንት ፖል ወጥቶ በደቡብ ሚኒሶታ፣ ለምሳሌ በወርዚንግተን አካባቢ፣ ቤት ወይም ጥቂት ኤከር መሬት የገዛ ሰው አንድ ቀን ከካውንቲው ጽሕፈት ቤት ስለ አንድ ዲች፣ ማለትም የውሃ ማጠንፈፊያ ቦይ፣ ጥገና የሚያትት ደብዳቤ ሊደርሰው ይችላል። ክፍያው የሚሰበሰበው ከንብረት ግብር ጋር አብሮ ስለሆነ ብዙ ሰው የግብር ጭማሪ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ሌላ ነው። ግብር በንብረቱ ዋጋ ላይ ይጣላል፣ ይህ መዋጮ ግን መሬቱ ከአንድ ተለይቶ ከታወቀ ቦይ ያገኛል ተብሎ በተገመተው ጥቅም ልክ ይደለደላል። የተሰበሰበውም ገንዘብ ለዚያ ቦይ ብቻ እንጂ ለሌላ አይውልም።

እኔ ደብዳቤው የደረሰኝ ጊዜ ቦዩ ከቤቴ ግማሽ ማይል ያህል ይርቅ ነበርና «አይቼው ለማላውቀው ጉድጓድ ለምን እከፍላለሁ?» ብዬ ለመሟገት ተነሥቼ ነበር። በዚህ ክርክር የሚረታ ሰው የለም፤ ርቀት በራሱ ከመዋጮ ነፃ አያወጣምና። ሊረታ የሚችለው የድርሻ መዝገቡን አውጥቶ ያነበበ ሰው ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ትኩረቱን የሚያደርገው በመዝገቡ ላይ ነው።

አንደኛ፦ መሬትዎ በየትኛው ቦይ ሥር እንደተመዘገበ ይወቁ

የሚኒሶታ የውሃ ማጠንፈፊያ ሕግ በስቴቱ የሕግ መድበል ምዕራፍ 103ኢ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ሕግ መሠረት እያንዳንዱ የሕዝብ ቦይ የሚያስተዳድረው ባለሥልጣን አለው። ይህ ባለሥልጣን የካውንቲው ቦርድ፣ ቦዩ ከአንድ ካውንቲ በላይ የሚያቋርጥ ከሆነ የካውንቲዎቹ የጋራ ቦርድ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ የተፋሰስ ዲስትሪክት ቦርድ ነው። ቦዮቹ «ካውንቲ ዲች» ወይም «ጁዲሻል ዲች» ተብለው በቁጥር ይጠራሉ። ሁለተኛው ስም በአብዛኛው ከአንድ ካውንቲ በላይ የሚያካልሉና በጥንቱ አሠራር በፍርድ ቤት በኩል የተቋቋሙ ቦዮች መጠሪያ ነው።

ዲች ሲባል የግድ የሚታይ ቦይ አይደለም። ብዙዎቹ በከፊል ወይም በሙሉ ታይል የሚባሉ፣ ከመሬት በታች የተቀበሩ የሸክላ፣ የኮንክሪት ወይም የፕላስቲክ ቱቦዎች ናቸው፤ ሰው ሣር እያጨደበት ዕድሜውን ይኖራል እንጂ መኖሩን አያውቅም። ስለዚህ በዓይን ከመፈለግ ይልቅ በግብር ማስታወቂያው ላይ የተጻፈውን የፓርሴል ቁጥር፣ ማለትም የይዞታዎን መለያ ቁጥር፣ ይዘው ወደ ካውንቲው ኦዲተር (መዝገብ ያዡ) ወይም ወደ ዲች ኢንስፔክተሩ (የቦይ ተቆጣጣሪው) ይሂዱና ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ መሬቱ በየትኛው ዲች ሥር እንዳለ፣ ባለሥልጣኑ ማን እንደሆነ፣ የዲቹም ሒሳብ አሁን ስንት ገንዘብ ወይም ስንት ዕዳ እንዳለበት። አንድ ፓርሴል በሁለት ዲች ሥር ሊመዘገብ እንደሚችልም አይዘንጉ።

አንድ ገበሬ በራሱ ማሳ ውስጥ ቀብሮ ወደ ሕዝብ ቦይ ያገናኘው ታይል የግሉ ነው። ቢሰበር የሚጠግነው ራሱ ነው እንጂ ከጋራው ሒሳብ አይወጣም።

ሁለተኛ፦ የገማቾቹን ሪፖርት አውጥተው ያንብቡ

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ ይህ ነው። ቦዩ ሲቋቋም ባለሥልጣኑ በጉዳዩ የግል ጥቅም የሌላቸውን ሦስት ገማቾች ይሾማል፤ በሕጉ ቋንቋ «ቪወርስ» ይባላሉ። እነዚህ ሰዎች መሬቱን እየዞሩ አይተው እያንዳንዱ ይዞታ ከቦዩ ስንት ዶላር ጥቅም እንደሚያገኝ፣ በቁፋሮውም ስንት ዶላር ጉዳት እንደሚደርስበት ጽፈው ያስረክባሉ። ግምቱ እስካልታደሰ ድረስ ከዚያ በኋላ የሚመጣ የጥገና ወጪ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣውም ቢሆን፣ በዚህ የጥቅም ግምት መጠን ይደለደላል።

በጎጃም ዋልካ መሬት ላይ ያረሰ ሰው ነገሩን ለመረዳት አይቸገርም። ገበሬው ውሃ እንዳይተኛበት በማሳው ላይ ፈሰስ ያወጣል፤ ፈሰሱ ግን የሚያበቃው በጎረቤቱ ማሳ ራስ ላይ ይሆንና ከታች ያለው ሰው መሬቱ ይሸረሸርበታል፣ ነገር ይነሣል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። የሚኒሶታ ሕግ ለዚያው ጠብ የሰጠው መልስ የጋራ ቦይ አስቆፍሮ፣ በቦዩ የሚጠቀመውን ሁሉ እንደየጥቅሙ ማስከፈል ነው። ከፋዩም ገበሬ ብቻ አይደለም፤ ውሃቸውን ወደ ቦዩ የሚያወርዱ የካውንቲና የታውንሺፕ መንገዶች፣ ከተሞችም ጭምር ድርሻ ይጻፍባቸዋል።

ሪፖርቱን ሲያገኙ ብዙውን ጊዜ መሬቱ በአራት ደረጃ ተከፍሎ ያዩታል። የመጀመሪያው ቀድሞ ውሃ የሚያቁርበትና ፊላ የሚበቅልበት ረግረግ ነው፤ ቦዩ ባይኖር ምንም ስለማያበቅል ከፍተኛውን ግምት ይሸከማል። ቀጥሎ በወቅቱ ውሃ የሚተኛበት ግጦሽ መሰል መሬት፣ ከዚያ የታችኛው አፈሩ ብቻ እርጥብ የሆነ፣ በመጨረሻም ራሱ ማጠንፈፊያ የማያስፈልገው ነገር ግን ከእርጥቡ መሬት ጋር ተቀላቅሎ የሚገኝ ከፍ ያለ ቦታ ይመጣል። ቀይ ብዕር ይዘው የራስዎ ኤከሮች በየትኛው ደረጃ እንደተመደቡ ምልክት ያድርጉ። ኮረብታ ላይ ያለ ቤትዎ ረግረግ ተብሎ ከተጻፈ ወይም የኤከሩ ቁጥር ከይዞታዎ በላይ ከሆነ ክርክርዎ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

የቆዩ ሪፖርቶች በእጅ ጽሕፈት የተሞሉ ሰፋፊ ገጾች ናቸው፤ የባለይዞታዎቹ ስም በሙሉ የሞቱ ሰዎች ስም ነው። ለማንበብ ያስቸግራሉ፣ ግን ተስፋ አይቁረጡ፤ የሚፈለገው የሴክሽኑ፣ ማለትም የአንድ ማይል በአንድ ማይል የመሬት ክፋዩ፣ ቁጥርና ከጎኑ ያለው የዶላር መጠን ብቻ ነው። በተለይ የሚመረመረው ትልቁ ማሳ ወደ ትንንሽ ይዞታ ሲቆራረስ የመጀመሪያው ግምት እንዴት እንደተከፋፈለ ነው። እኔ ያየሁት ስሕተት ሁሉ የተገኘው እዚህ ላይ ነው፦ እርሻው ተሸንሽኖ ቤቱ ለብቻው ሲሸጥ፣ የረግረጉ ግምት እኩል ተካፍሎ ደረቅ ጓሮ ላይ ተጽፎ ነበር።

ሦስተኛ፦ ድርሻዎን ያስሉ፣ ሁለቱንም ቁጥር ለይተው ይያዙ

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የእርስዎ ይዞታ የጥቅም ግምት ለቦዩ ጠቅላላ የጥቅም ግምት ተካፍሎ በጥገናው ወጪ ይባዛል። ለምሳሌ ያህል በ1915 ጠቅላላ ጥቅሙ 60,000 ዶላር ተብሎ የተገመተ ቦይ እናስብ። የእርስዎ ይዞታ 900 ዶላር ከተጻፈበት ድርሻዎ 1.5 በመቶ ነው፤ ጥገናው 90,000 ዶላር ከፈጀ 1,350 ዶላር ይደርስብዎታል።

አሁን ግምቱ እንደገና ተሠርቶ የቦዩ ጠቅላላ ጥቅም 3,000,000 ዶላር፣ የእርስዎ ደግሞ 24,000 ዶላር ሆነ እንበል። ከ900 ወደ 24,000 የዘለለውን ቁጥር ያየ ሰው ይደነግጣል፣ በስብሰባም ላይ ከሁሉ በላይ ጩኸት የሚያስነሣው ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ድርሻው ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል፤ ለዚያው የ90,000 ዶላር ጥገና የሚከፍሉት 720 ዶላር ብቻ ነው። የጥቅም ግምት የሚከፈል ዕዳ አይደለም፣ የሚደለደልበት መሥፈሪያ ነው።

ጠቅላላው ቁጥር ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። የእርስዎን ክፍያ የሚወስነው ድርሻው ነው፤ ቦዩ ምን ያህል ሊጠገን፣ ስንት ገንዘብም ሊጠራቀምለት እንደሚችል የሚወስነው ደግሞ ጠቅላላው ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ የሚያምታታ ሰው በተሳሳተው ነጥብ ላይ ሲከራከር ትክክለኛው ያልፈዋል።

አራተኛ፦ የጥገና ፈንዱን መጠንና ጣሪያውን ይጠይቁ

በክፍል 103ኢ.735 መሠረት ባለሥልጣኑ ለእያንዳንዱ ቦይ የጥገና ፈንድ ማቋቋም ይችላል። የፈንዱ ጣሪያ ከጠቅላላው የጥቅም ግምት 20 በመቶ ወይም 100,000 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠው ነው። ከላይ በጠቀስነው ምሳሌ የ60,000 ዶላሩ 20 በመቶ 12,000 ዶላር ብቻ ስለሆነ ጣሪያው 100,000 ዶላር ላይ ይቆማል፤ ግምቱ ወደ 3,000,000 ከታደሰ በኋላ ግን እስከ 600,000 ዶላር ማጠራቀም ይቻላል። ለአጭር ቦይ 100,000 ዶላር ይበቃ ይሆናል፤ ብዙ ማይል ለሚሄድ፣ ቱቦው ለተሰነጣጠቀ ሥርዓት ግን የአንድ ክረምት ሥራ እንኳ ላይሸፍን ይችላል።

ፈንድ የሌለው ቦይ ሲሰበር ካውንቲው ከሌላ ሒሳብ ለቦዩ ያበድራል፤ ብድሩም ከነወለዱ ከባለይዞታዎቹ ይመለሳል። ስለዚህ ፈንድ ማቋቋምን የሚቃወም ጎረቤት በየዓመቱ ከሚከፈል ትንሽ መዋጮ ያመለጠ ቢመስለውም በኋላ የሚጠብቀው ወለድ ያለበት ትልቅ ክፍያ ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉ ርካሹ መንገድ መጠነኛ ፈንድ ይዞ ደለሉን በየጊዜው ማስጠረግ ነው።

ባለሥልጣኑ ማመልከቻ ሳይቀርብለት በአንድ ዓመት ሊጥል የሚችለው የጥገና መዋጮም ጣሪያ አለው፤ በክፍል 103ኢ.705 መሠረት ከጥቅም ግምቱ 20 በመቶ፣ በአንድ ማይል ክፍት ቦይ 1,000 ዶላር፣ ወይም የታሸገ ጨረታ ማውጣት ግድ የሚሆንበት የገንዘብ መጠን፣ ከሦስቱ የሚበልጠው ነው። የተፈጥሮ አደጋ የሚያደርሰው ጉዳት በዚህ ጣሪያ አይገደብም።

አምስተኛ፦ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ያረጋግጡ

ሕጉ ጥገናን ከማሻሻያ ይለያል። ጥገና ማለት ቦዩን መጀመሪያ ወደ ተሠራበት፣ በኋላም በሕጋዊ መንገድ ወደ ተሻሻለበት የውሃ የመሸከም አቅም መመለስ ነው፦ ደለል ማውጣት፣ የተናደ ዳገት ማስተካከል፣ የተሰበረ ታይል መለወጥ፣ ዛፍ መቁረጥ። ከዚያ አልፎ ማጥለቅ፣ ማስፋት ወይም በትልቅ ቱቦ መተካት ማሻሻያ ይባላል፤ ራሱን የቻለ ማመልከቻ፣ መሐንዲስና ገማቾች ይፈልጋል። በደብዳቤው ላይ «ጥገና» ተብሎ የተጻፈው ሥራ በመሐንዲሱ ሪፖርት ላይ ከድሮው የሚሰፋ ቱቦ ከያዘ፣ ለምን እንዲህ እንደሆነ በስብሰባው ላይ ቆመው የመጠየቅ መብት አለዎት።

አንድ ባለይዞታ ቦዩን ያለ ፈቃድ ከዘጋ፣ ለምሳሌ መሻገሪያ ሠርቶ ውሃውን ካገደ፣ እንዲያነሣ ይታዘዛል፤ ካላነሣ ባለሥልጣኑ ያነሣና ወጪውን በእርሱ መሬት ላይ ያስመዘግባል። ይህ ወጪ በሁላችሁም ላይ ተደልድሎ እንዳይመጣ ይከታተሉ። በቦዩ ግራና ቀኝ 16.5 ጫማ ስፋት ያለው፣ ዓመቱን ሙሉ ሣር የሚለብስ መከለያም የሕጉ አካል ነው፤ ያንን እየጣሰ የሚያርስ ሰው ባለበት ቦይ ላይ ቁጥጥሩ በየዓመቱ ይደረጋል፣ ጥሰት በሌለበት ግን ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ።

ስድስተኛ፦ ቦዩ ከተበላሸ ማመልከቻ ያስገቡ

የጥገና ማመልከቻ ለማቅረብ ትልቅ ባለመሬት መሆን አያስፈልግም፤ በክፍል 103ኢ.715 መሠረት በቦዩ ጉዳይ የሚመለከተው ወይም የተጎዳ ማንኛውም ሰው ማቅረብ ይችላል። ከማስገባትዎ በፊት ግን ባለመሬቶቹን አስፈቅደው፣ በረዶው ከቀለጠ በኋላ፣ በቆሎው ሳይረዝም፣ ቦዩን በእግርዎ ይሂዱበት። ዝናብ ሳይኖር የታይሉ አፍ በውሃ ተውጦ ካዩት ቦዩ በደለል ሞልቷል ማለት ነው። ፊላ መሐል ቦይ ላይ መቆሙና ዊሎው የሚባለው ዛፍ ሥር ወደ ቱቦ መግባቱም የብልሽት ምልክት ነው፤ ማሳው መሐል ጉልበት የሚውጥ ክብ ጉድጓድ ከተከፈተ ደግሞ ከሥሩ ያለው ታይል ተሰብሮ አፈሩን እየጠጣ ነው። እያንዳንዱን ከነቀኑና ከነቦታው ፎቶ አንሥተው ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ።

ባለሥልጣኑ ጥገናው ሊያስፈልግ ይችላል ብሎ ካመነ መሐንዲስ ይሾማል፤ መሐንዲሱ ሥራውንና የወጪ ግምቱን ጽፎ ካቀረበ በኋላ ባለይዞታዎች ተጠርተው ጉባኤ ይደረጋል። ባለሥልጣኑ ጥገናው ለባለይዞታዎቹ ጥቅም አስፈላጊ ነው ብሎ ከወሰነ ያዛል። ሁለተኛም መንገድ አለ፤ ቦዩ ሲሠራ ከተደለደለው መሬት ቢያንስ 26 በመቶ የሚሆነውን ስፋት የያዙ ሰዎች ማመልከቻውን ከፈረሙ፣ ቦዩም የተሠራበትን ዓላማ መፈጸም ካልቻለ፣ ወጪውም ከጠቅላላው የጥቅም ግምት ካልበለጠ ባለሥልጣኑ ጥገናውን ማዘዝ ይገባዋል። ቁጥሩ የሚቆጠረው በመሬት ስፋት እንጂ በሰው ብዛት እንዳልሆነ ያስተውሉ፤ አሥር የቤት ባለቤቶች ተሰብስበው ከአንድ ባለ 300 ኤከር ገበሬ ፊርማ ሊያንሱ ይችላሉ።

የጠቅላላው ቁጥር ጉዳይ እዚህም ላይ ይመጣል። በምሳሌያችን ጥገናው 90,000፣ የድሮው ግምት 60,000 ዶላር ስለሆነ በ26 በመቶ ፊርማ የሚሄደው መንገድ ይዘጋል። ሰው ሁሉ ቢፈርምም ቁጥሩ አይፈቅድም፤ በዚህ መንገድ ለመሄድ ግምቱ መታደስ አለበት።

ሰባተኛ፦ ዳግም ግምት ሲደረግ ከጅምሩ ይገኙ

በክፍል 103ኢ.351 መሠረት የመጀመሪያው ግምት የአሁኑን ተገቢ የመሬት ዋጋ የማያሳይ ከሆነ፣ ወይም የሚጠቀመውና የሚጎዳው መሬት ከተለወጠ ዳግም ግምት ሊታዘዝ ይችላል። ሦስት ገማቾች እንደገና ይሾማሉ፣ መሬቱን ይዞራሉ፣ ሪፖርታቸውን ያስገባሉ፤ ቀድሞ ከመዝገብ የቀሩ መሬቶችም በዚህ ጊዜ ይገባሉ። በቦዩ ዳር ያለው የ16.5 ጫማ መከለያ ካልተቋቋመ አሁን ይቋቋማል፤ የሚወሰደውም መሬት በጉዳት ሒሳብ ይካሳል። አዲሱ ግምት ከጸደቀ በኋላ በሁሉም ጉዳይ የድሮውን ይተካል።

ዳግም ግምቱ ራሱ ወጪ አለው፣ የሚከፈለውም ከዚያው ቦይ ሒሳብ ነው። ስለዚህ ጥቂት ይዞታ ብቻ ላለበት፣ በደኅና ለሚሠራ አጭር ቦይ ግምት እናድስ ማለት ላያዋጣ ይችላል፤ ለባለሥልጣኑ ከማመልከትዎ በፊት ኢንስፔክተሩን ግምታዊ ወጪውን ይጠይቁት።

ገማቾቹ ሲዞሩ ቤትዎ ይገኙ፣ ያናግሯቸው። የቤትዎ ጓሮ ወዴት እንደሚያጠነፍፍ፣ ምድር ቤትዎ ውስጥ ያለው ፓምፕ ውሃውን ወዴት እንደሚገፋ ያሳዩአቸው። ጓሮው ወደ ሌላ ቦይ የሚያጠነፍፍ ከሆነ ይህን በዚያን ቀን ማስረዳት በኋላ ጠበቃ ከመቅጠር ይረክሳል። ሪፖርቱ ከገባ በኋላ የእርስዎን ይዞታ የሚመለከተው ክፍል በፖስታ ይላክልዎታል፤ ኤከሩን፣ ደረጃውንና ድርሻውን በሁለተኛው እርምጃ እንዳደረጉት ያመሳክሩ። ስሕተት ካገኙ ጉባኤው ከመካሄዱ በፊት በጽሑፍ ያስገቡ፣ በጉባኤውም ላይ በቃል ይድገሙትና በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ ይጠይቁ። እንግሊዝኛዎ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ልጅዎን ወይም የሚያምኑትን ሰው ይዘው ይሂዱ፤ ዋናው ነገር ጽሑፉ መግባቱ ነው።

ውሳኔው ካልተስማማዎ በክፍል 103ኢ.091 መሠረት ትእዛዙ ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ለዲስትሪክት ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ የጥቅሙን ወይም የጉዳቱን መጠን በሚመለከት ጉዳዩ ከሕዝብ በተመረጡ ፈራጆች፣ ማለትም በጁሪ፣ እንዲታይ መጠየቅም ይቻላል። ቀኑ የሚቆጠረው ደብዳቤው እጅዎ ከገባበት ሳይሆን ትእዛዙ ከተመዘገበበት ስለሆነ ፖስታውን ሳይከፍቱ አያሳድሩት። በጥቂት መቶ ዶላር ልዩነት ይግባኝ ማለት ግን ለጠበቃ መክፈል ነው የሚሆነው።

ስምንተኛ፦ ክፍያውና የቤት ግዢው

መዋጮው በንብረት ግብር ማስታወቂያው ላይ «ስፔሻል አሰስመንት» በሚለው ክፍል ራሱን ችሎ ይጻፋል። ከግብሩ ጋር የመጀመሪያው ግማሽ እስከ ሜይ 15፣ ሁለተኛው እስከ ኦክቶበር 15፣ የእርሻ መሬት ከሆነ ደግሞ እስከ ኖቬምበር 15 ይከፈላል። መጠኑ ትልቅ ሲሆን ባለሥልጣኑ በበርካታ ዓመታት ተከፋፍሎ ከወለድ ጋር እንዲከፈል ሊፈቅድ ይችላል፤ ገንዘቡ ካለዎት ወለድ ሳይጀምር አጠቃልለው ቢከፍሉ ይሻላል። ያልተከፈለ መዋጮ በመሬቱ ላይ የተመዘገበ ዕዳ ነውና እንዳልተከፈለ ግብር ተቆጥሮ መሬቱን እስከማስወሰድ ይደርሳል።

ቤት ወይም መሬት ሊገዙ ከሆነ ይህን ሁሉ ከፊርማው በፊት ያጣሩ። በሚኒሶታ የሽያጭ ውል ውስጥ የተጣለ መዋጮና በሂደት ላይ ያለ መዋጮ በየራሳቸው ይጠየቃሉ፤ እያንዳንዱን ሻጭ ወይስ ገዢ እንደሚከፍል በውሉ ላይ ምልክት ይደረጋል። ሻጩ «ምንም የለም» ቢልዎትም ወደ ኦዲተሩ ቢሮ ደውለው በፓርሴሉ ቁጥር ዲቹን፣ የዲቹን የዕዳ ሒሳብና የገባ የጥገና ወይም የዳግም ግምት ማመልከቻ መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ።